«ተው» ከማለት ባሻገር፦ ሐኪሞች ታካሚዎቻቸው ከኒኮቲን ሱስ እንዲላቀቁ እንዴት ሊያግዙ ይችላሉ?

«ሲጋራ ተው» ማለት ቀላል ነው። እናት፣ ሚስት፣ ኢማም፣ መምህር፣ ሐኪም ሁሉም ይሉታል። አጫሹም ጉዳቱን አያጣውም፤ ብዙዎቹ ከአንድም ሁለት ሦስት ጊዜ ሞክረው የተመለሱ ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ያለ ምንም ድጋፍ ትንባሆ ለማቆም ከሚደረጉ 100 ሙከራዎች የሚሳኩት 4 ገደማ ብቻ ናቸው። የባለሙያ ምክክርና መድኃኒት ሲታከልበት የመሳካት ዕድሉ ከእጥፍ በላይ ያድጋል።

ይህ ጽሑፍ ሐኪሞች፣ የጤና መኮንኖች፣ ነርሶችና ፋርማሲስቶች ይህን ድጋፍ እንዴት መስጠት እንደሚችሉ ያብራራል። ለታካሚውና ለቤተሰቡም ወደ ጤና ተቋም ሲሄዱ ምን መጠየቅ እንደሚችሉ ያሳያል። ምሳሌዎቹን የወሰድነው ከአቀስታና ከመካነ ሰላም አካባቢ ነው። ከደሴ ርቆ በሚገኝ የወረዳ ከተማ ልዩ የሱስ ሕክምና ማዕከል የለም፤ ሥራው የሚወድቀው በጤና ጣቢያውና በሆስፒታሉ ባለሙያ ላይ ነው።

ችግሩ በአገራችን

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው አገር አቀፍ የአዋቂዎች የትንባሆ ጥናት መሠረት፣ ዕድሜያቸው 15 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ ኢትዮጵያውያን 5 በመቶው ትንባሆ ይጠቀማሉ። ከወንዶች 8.1 በመቶ፣ ከሴቶች ደግሞ 1.8 በመቶ ማለት ነው። በቁጥር ሲሰላ ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰው ነው። ከሌሎች አገሮች ጋር ሲነጻጸር ድርሻው ዝቅተኛ መሆኑ መልካም ነው። ሆኖም በዚሁ ምክንያት በሕክምና ክፍል ውስጥ ትንባሆ የማይጠየቅ፣ የሚዘለል ጉዳይ ሆኖ ቀርቷል።

በደጋው ወሎ ችግሩ ሌላም መልክ አለው። የለጋምቦ ብርድ ሰውን ቤት ውስጥ እሳት ዙሪያ ያስቀምጣል። የማገዶና የኩበት ጭስ በራሱ ሳንባን ይጎዳል፤ ሲጋራ ሲታከልበት ጉዳቱ ይደራረባል። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ያለው ካርቦን ሞኖክሳይድ በደም ውስጥ የኦክስጅንን ቦታ ይይዛል። በከፍታ ቦታ ደግሞ አየሩ መጀመሪያውኑ ስስ ስለሆነ፣ ልብና ሳንባው ደካማ የሆነ አጫሽ ዳገት ሲወጣ ትንፋሹ የሚያጥረው በሁለት በኩል ተጨንቆ ነው። ይህን ለታካሚው በሚገባው ቋንቋ ማስረዳት ስለ ሩቅ ዘመን ካንሰር ከማውራት ይልቅ ቶሎ ልብ ይነካል።

ኒኮቲን አእምሮን እንዴት ይይዛል?

ከሲጋራ የተሳበ ኒኮቲን ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ባለው ጊዜ አእምሮ ይደርሳል። እዚያም ዶፓሚን የተባለውን የደስታና የእርካታ ስሜት የሚፈጥር ንጥረ ነገር ያስለቅቃል። አእምሮ ይህን ሲለምድ የኒኮቲን መቀበያዎቹ ይበዛሉ፤ መጠኑ ሲቀንስ ይቁነጠነጣል። ኒኮቲን በ2 ሰዓት ገደማ ውስጥ በደም ያለው መጠን በግማሽ ስለሚቀንስ፣ ሌሊቱን ተኝቶ ያደረ አጫሽ ጠዋት ከሁሉ በፊት ሲጋራውን ይፈልጋል።

ሲያቆም የሚሰማው ነገር የታወቀ ነው፦ ንዴት፣ ጭንቀት፣ ሐሳብ መበተን፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ድብርት፣ የምግብ ፍላጎት መጨመር። እነዚህ ስሜቶች በመጀመሪያው ቀን ይጀምራሉ፤ በ2ኛውና በ3ኛው ቀን ይበረታሉ፤ ከዚያ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ውስጥ ይቀላሉ። ታካሚው ይህን አስቀድሞ ካወቀ «ሲጋራ ሳቆም ታመምኩ» ብሎ አይመለስም።

አንድ ነገር መለየት አለበት። ሰውን አስሮ የሚይዘው ኒኮቲኑ ነው። ሳንባን፣ ልብንና የደም ሥርን በዋናነት የሚጎዳው ግን ታሩ፣ ካርቦን ሞኖክሳይዱና በጭሱ ውስጥ ያሉት ሌሎች በሺዎች የሚቆጠሩ ኬሚካሎች ናቸው። ኒኮቲንን በፕላስተር ወይም በማስቲካ መልክ ሰጥቶ ከሲጋራ ማላቀቅ የሚቻለውም በዚህ ምክንያት ነው።

አምስቱ ደረጃዎች

በዓለም ዙሪያ ሐኪሞች የሚጠቀሙበት አጭር የምክክር ዘዴ አምስት ደረጃዎች አሉት። ሁሉም ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ውስጥ ሊሠራ ይችላል።

1ኛ፦ መጠየቅ። በማንኛውም ምክንያት ለመጣ ታካሚ ሁሉ ስለ ትንባሆ ይጠየቅ፤ መልሱም የደም ግፊቱ በሚጻፍበት ካርድ ላይ ይጻፍ። «ሲጋራ» ብቻ ብሎ መጠየቅ በቂ አይደለም። ሱረት የሚወስድ ሰው «አላጨስም» ቢል እውነቱን ነው። ሺሻም በስሙ ይጠየቅ። ብዙ ሰው ሺሻ በውኃ ስለሚያልፍ የሚጣራ ይመስለዋል፤ በአንድ ጊዜ ቁጭታ የሚሳበው ጭስ ግን ከአንድ ሲጋራ ጭስ ከ100 እጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ሴት ታካሚዎችን ስንጠይቅ ብቻቸውን እናነጋግራቸው፤ በባል ወይም በአማት ፊት እውነቱን የሚናገር የለም።

2ኛ፦ መምከር። ምክሩ ግልጽ፣ ጠንካራና ከታካሚው ሕመም ጋር የተያያዘ ይሁን። «ማጨስ ለጤና ጎጂ ነው» የሚለው ፓኮው ላይም ተጽፏል። «ይህ ሳል የሚሻልዎት ሲጋራው ሲቆም ነው» የሚለው ግን ለእሱ ብቻ የተነገረ ነው።

3ኛ፦ ዝግጁነቱን ማወቅ። «ለማቆም ያስባሉ? አሁን ቢሞክሩ የሚሳካልዎት ይመስልዎታል?» በዚሁ የሱሱን ክብደት በሁለት ጥያቄ መለካት ይቻላል፦ ከእንቅልፍ በተነሱ በስንት ደቂቃ ያጨሳሉ? በቀን ስንት ፍሬ? በ30 ደቂቃ ውስጥ፣ ይልቁንም በ5 ደቂቃ ውስጥ የሚለኩስ ሰው ሱሱ ከባድ ነው፤ ከምክር በተጨማሪ መድኃኒት ያስፈልገዋል።

4ኛ፦ ማገዝ። ማቆሚያ ቀን መቁረጥ፣ ፈተና የሚሆኑ ቦታዎችንና ሰዓቶችን መለየት፣ ለቤተሰብ ማሳወቅ፣ ካለ መድኃኒት ማዘዝ። ቀኑ ከ2 ሳምንት ባይርቅ ይመረጣል።

5ኛ፦ መከታተል። ካቆመ በመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀጠሮ፣ በወሩ ሌላ። ከሩቅ ቀበሌ የሚመጣ ሰው ለዚህ ብቻ ተመልሶ መምጣት ስለሚከብደው፣ ስልክ መደወል ወይም ለአካባቢው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ አደራ ማለት ይቻላል።

በተግባር ንግግሩ ምን ሊመስል እንደሚችል ለአብነት እነሆ፦

— ጋሼ፣ ስለ ሳልዎ እያወራን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ሲጋራ ወይም ሱረት ይጠቀማሉ?

— ኧረ ዶክተር አልደብቅም፤ ከጎረምሳነቴ ጀምሮ አጨሳለሁ።

— ስለነገሩኝ አመሰግናለሁ። ጠዋት የመጀመሪያዋን መቼ ነው የሚለኩሷት?

— ከሱብሒ እንደተመለስኩ። እሷን ሳላጨስ ዓይኔም አይገለጥ።

— ይህ የእርስዎ ስንፍና አይደለም፤ አእምሮዎ ኒኮቲን ለምዶ ነው። ሳሉና ትንፋሽ ማጠሩ የሚሻልዎት ግን ሲጋራው ሲቆም ነው። ዛሬ ከምነግርዎት ሁሉ ትልቁ ይሄ ነው። ለማቆም አስበው ያውቃሉ?

— ስንቴ! በርጫ ላይ ነው የሚያሸንፈኝ።

— አብሽሩ። የት እንደሚሸነፉ ማወቅዎ ግማሽ መንገድ ነው። ከእሱ እንጀምርና ቀን እንቁረጥ።

በዚህ ንግግር ውስጥ ቁጣም ስድብም የለም። በአስተማሪነት ያሳለፍኩባቸው ዓመታት እንዳሳዩኝ፣ በሰው ፊት የተወቀሰ ተማሪ መደበቅን እንጂ መተውን አይማርም። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደመዘገቡት፣ አፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን በከባድ አካላዊ ቅጣት ከልክለው ነበር፤ ትንባሆ ግን እነሆ እስከ ዛሬ አለ። ሱስ በቅጣትና በማሸማቀቅ የሚነቀል ነገር አይደለም።

«አልፈልግም» ለሚል ታካሚ

ዝግጁ ያልሆነን ሰው መግፋት አይጠቅምም፤ ዝም ብሎ ማለፍም አይገባም። ሐኪሙ በእርጋታ አምስት ነገሮችን ያነሳለታል፦ ማቆሙ ለእሱ በተለይ ለምን እንደሚጠቅም፣ ቢቀጥል የሚያገኘው ጉዳት፣ ቢያቆም የሚያተርፈው ጤናና ገንዘብ፣ የሚያግዱት እንቅፋቶች፤ አምስተኛው ደግሞ በየቀጠሮው ይህንኑ ሳይሰለቹ መድገም ነው። ገንዘቡን አብሮ ማስላት ጥሩ ነው። በፍሬ እየገዛ የሚያጨስ ሰው የወር ወጪውን ደምሮት አያውቅም። የቀኑን በ30፣ የወሩን በ12 ስናባዛለት የልጆቹ የትምህርት ቤት ወጪ ፊቱ ላይ ይመጣል።

ትርፉም በቶሎ የሚጀምር መሆኑ ይነገረው። በ20 ደቂቃ ውስጥ የልብ ምት ይቀንሳል። በ12 ሰዓት ገደማ የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን ወደ ጤናማው ይመለሳል። በወራት ውስጥ ሳልና ትንፋሽ ማጠር ይቀላል። በ1 ዓመት የልብ ደም ሥር ሕመም ሥጋት በግማሽ ያህል ይወርዳል። በ10 ዓመት በሳንባ ካንሰር የመሞት ሥጋት ከሚያጨስ ሰው በግማሽ ያንሳል። «አርጅቻለሁ፣ ምን ዋጋ አለው» ለሚሉ አባቶችም መልሱ ይኸው ነው፤ በ60 ዓመት ያቆመም ያተርፋል።

መድኃኒቶቹ

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2024 ባወጣው የመጀመሪያው የትንባሆ ማቆሚያ የሕክምና መመሪያ አራት መድኃኒቶችን መክሯል፦ የኒኮቲን ምትክ (ፕላስተር፣ ማስቲካ)፣ ቫረኒክሊን፣ ቡፕሮፒዮን እና ሳይቲሲን። ከምክክር ጋር ሲሰጡ ውጤታቸው ይበልጣል።

የኒኮቲን ፕላስተር በቀን አንድ ጊዜ በንጹሕ ደረቅ ቆዳ ላይ ይለጠፋል፤ ቦታው በየቀኑ ይቀያየራል። በቀን ከ10 በላይ የሚያጨስ ሰው በ21 ሚሊ ግራም ጀምሮ ለ6 ሳምንት ይቆያል፤ ከዚያ 14 ሚሊ ግራም ለ2 ሳምንት፣ 7 ሚሊ ግራም ለ2 ሳምንት ወስዶ ይጨርሳል።

የኒኮቲን ማስቲካ ባለ 2 እና ባለ 4 ሚሊ ግራም አለ። ከእንቅልፉ በተነሳ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚያጨስ ባለ 4ቱ ይታዘዛል። አኘካኘኩ እንደ ተራ ማስቲካ አይደለም፦ ቀስ ብሎ አኝኮ፣ ማቃጠል ሲጀምር በጉንጭና በድድ መካከል አቁሞ፣ ስሜቱ ሲጠፋ እንደገና ማኘክ ነው። ይህ ካልተነገረው ታካሚው ቃርና ስቅታ ይዞት ይጥለዋል። ሱሱ ለከበደ ሰው ፕላስተሩንና ማስቲካውን አብሮ መስጠት ከአንዱ ብቻ የተሻለ ነው።

ቡፕሮፒዮን ከማቆሚያው ቀን 1 ወይም 2 ሳምንት ቀድሞ ይጀመራል። የሚጥል በሽታ ላለበት ወይም ለነበረበት ሰው ፈጽሞ አይሰጥም። ቫረኒክሊን ከ1 ሳምንት በፊት በትንሽ መጠን ተጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨመራል፤ ከምግብ በኋላ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጣል፤ የተለመደው ጊዜ 12 ሳምንት ነው። በጣም የተለመደው ጎንዮሽ ጉዳቱ ማቅለሽለሽ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ግን ቅድሚያ የሚሰጣት ምክክሩና ክትትሉ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ አይመከሩላትም።

መድኃኒት በማይገኝበት ምን ይደረግ?

እነዚህ መድኃኒቶች በወረዳ ከተማ መድኃኒት ቤቶች እንደ ልብ አይገኙም። ይህ ግን ሐኪሙን ባዶ እጁን አያስቀረውም።

የሲጋራ አምሮት ማዕበል ነው፤ ይመጣል፣ ይበረታል፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። ታካሚው ለእነዚያ ደቂቃዎች የሚሠራው ነገር ይኑረው፦ ውኃ መጠጣት፣ በረጅሙ መተንፈስ፣ ቦታ መቀየር፣ ውዱእ ማድረግ፣ ለሚያምነው ሰው መደወል። ክብሪት፣ ፓኮና መተርኮሻ ከማቆሚያው ቀን በፊት ከቤት ይውጡ።

ቡና ልዩ ትኩረት ይሻል። የሲጋራ ጭስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሰውየው ሲያቆም በፊት የለመደው ሦስት ስኒ በደሙ ውስጥ እንደ ስድስት ይሆንበታል፤ ልቡ ይመታል፣ እንቅልፍ ያጣል፣ ይነጫነጫል፤ ሲጋራ በማጣቱ የመጣ ይመስለዋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቡናውን በግማሽ እንዲቀንስ መንገር ወጪ የሌለው ትልቅ እርዳታ ነው። በተመሳሳይ ምክንያት ቲዮፊሊንን የመሰሉ የአስም መድኃኒቶችን የሚወስድ ሰው ሲያቆም ሐኪሙ መጠኑን መቀነስ ሊኖርበት ይችላል።

ጫትና ሲጋራ ደግሞ በብዙ ሰው ዘንድ ተቆራኝተዋል። በሌላ ጊዜ የማያጨስ እንኳ በርጫ ላይ ያጨሳል፤ የሚያጨሰውም ያበዛል። በርጫውን እንደ ድሮው ይዞ ሲጋራውን ብቻ ለመተው የሚሞክር ብዙውን ጊዜ ይመለሳል። ስለዚህ ቢያንስ ለመጀመሪያው ወር ከበርጫ መራቅን የዕቅዱ አካል ማድረግ ያስፈልጋል። ይህ ካልሆነለት ሲጋራ ከማያጨሱ ሰዎች ጋር፣ ጭስ በሌለበት ቤት መቀመጥን ይምረጥ።

ሱሱ ከብዙ ነገሮች ጋር ተደራርቦ ወይም ከአእምሮ ሕመም ጋር ተያይዞ ከከበደ፣ በደሴ ኮምፕሪሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ወደሚገኘው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ወይም አዲስ አበባ ወዳለው አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ሪፈር መጻፍ ይቻላል።

የቲቢ ክፍል፣ የታጣ ዕድል

ማጨስ በቲቢ የመያዝን ዕድል ይጨምራል፤ ሕክምናው እንዳይሳካና በሽታው እንዲመለስም ምክንያት ይሆናል። የቲቢ ታካሚ ለ6 ወር መድኃኒቱን ከጤና ባለሙያ ጋር እየተገናኘ ይወስዳል። ለክትትል ከዚህ የተሻለ አጋጣሚ የለም። ባለሙያው በየጊዜው ኪኒኑን ሲሰጥ «ከሲጋራው ጋር እንዴት ነዎት?» ብሎ ቢጠይቅ አምስተኛው ደረጃ ያለ ተጨማሪ ወጪ ተሠራ ማለት ነው። የደም ግፊት፣ የስኳር፣ የኤችአይቪና የእርግዝና ክትትል ክፍሎችም እንዲሁ ናቸው።

ረመዳን፦ ለሐኪሙም ለታካሚውም የተከፈተ በር

ሙስሊም አጫሽ በዓመት አንድ ወር ከፈጅር እስከ መግሪብ ሳያጨስ መዋል እንደሚችል ራሱ ያውቃል። «አልችልም» የሚለውን ሰው ይህን ማስታወስ ብቻውን ጉልበት ይሰጠዋል። ችግሩ ሲጋራው ወደ ሌሊት መዛወሩ ነው፤ በባዶ ሆድ በኢፍጣር ሰዓት የሚሳብ ሲጋራ ራስ ያዞራል፣ ልብን ያስጨንቃል።

የተሻለው መንገድ በሻዕባን ወር መጀመር ነው። ሐኪሙ በሻዕባን ያማክር፤ መድኃኒት ካለ ያስጀምር፤ የረመዳን የመጀመሪያው ቀን የማቆሚያ ቀን ይሁን። የመጀመሪያዎቹ ሦስት አስቸጋሪ ቀናት በጾም ያልፋሉ፤ ኒኮቲን በማጣት የሚመጡት ስሜቶች የሚቀሉባቸው 4 ሳምንታትም ከዒድ ጋር ይገጥማሉ። የተራዊህ ጀመዓውም ከበርጫው የራቀ ጓደኛ ይሆናል። ከዒድ በኋላ ያለው ሳምንት ግን አደገኛ ስለሆነ አንድ ቀጠሮ በሸዋል መጀመሪያ ይያዝ።

ስለ ጾምና መድኃኒት ታካሚዎች ይጠይቃሉ፤ ሐኪሙም መልሱን ቢያውቀው መልካም ነው። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ እ.ኤ.አ. በ1997 ጅዳ ላይ ባካሄደው 10ኛ ጉባኤው፣ መድኃኒት የያዙ የቆዳ ፕላስተሮች ጾም እንደማያፈርሱ ወስኗል። የኒኮቲን ፕላስተርም ከዚሁ ይመደባል። ማስቲካው ግን በውስጡ ያለው ንጥረ ነገር ከምራቅ ጋር ስለሚዋጥ ከኢፍጣር በኋላ ብቻ ይወሰድ። በቀን ሁለቴ የሚወሰዱ ኪኒኖች ከኢፍጣርና ከሱሑር ጋር ሊገጣጠሙ ይችላሉ፤ ሰዓቱን ግን ሐኪሙ ይወስን።

የትንባሆን ሑክም በተመለከተ ብዙ የዘመናችን ዑለማእ ክልክል መሆኑን የሚያስረዱት ራስን ወደ ጥፋት መጣልን ከሚከለክለው ከአል-በቀራህ ምዕራፍ 195ኛ አንቀጽና ጉዳትን ከሚያነሳው የፊቅህ መርህ በመነሳት ነው። ይህን ማስተማር የኢማሙና የኡስታዙ ድርሻ ነው። ሐኪሙ ፈትዋ መስጠት አይጠበቅበትም፤ ኢማሙም መድኃኒት አያዝም። ሁለቱ ቢተዋወቁና አንዱ ወደ ሌላው ቢልክ ግን ታካሚው በሁለት እጅ ይደገፋል።

ሕጉ ከሐኪሙ ጋር ነው

ኢትዮጵያ የዓለም ጤና ድርጅትን የትንባሆ ቁጥጥር ማዕቀፍ ስምምነት በ2006 ዓ.ም. አጽድቃለች። የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ደግሞ ሕዝብ በሚሰበሰብባቸው ቤቶችና በሥራ ቦታዎች ውስጥ ማጨስን ከልክሏል፤ ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው ትንባሆ መሸጥን አግዷል፤ ማስታወቂያውን ከልክሏል፤ የፓኮውን የፊትና የጀርባ ገጽ 70 በመቶ የሚሸፍን የምስል ማስጠንቀቂያም አዟል። በጤና ተቋማትና በትምህርት ቤቶች ግቢ ውስጥም ማጨስ የተከለከለ ነው። የሕጉን መጣስ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን በነፃ ስልክ 8482 መጠቆም ይቻላል።

የሆስፒታሉ ዘበኛም ሆነ ሐኪም በግቢው የሚያጨስ ከሆነ ግን በክፍሉ ውስጥ የሚሰጠው ምክር ክብደት ያጣል። የሚያጨስ የጤና ባለሙያ ካለ የመጀመሪያው ታካሚ ራሱ ይሁን።

ቢያገረሽስ?

አብዛኞቹ ያቆሙ ሰዎች ከአንድ ጊዜ በላይ ሞክረዋል። አንድ ፍሬ ያጨሰ ሰው ሁሉ ነገር አልቋል ብሎ ወደ ፓኮ እንዳይሄድ አስቀድሞ ይነገረው። ሲመለስ ሐኪሙ «አላልኩህም?» ከማለት ይልቅ ሦስት ጥያቄ ይጠይቀው፦ የት ነበርክ? ከማን ጋር? ምን ተሰምቶህ? መልሱ የሚቀጥለው ሙከራ ዕቅድ ይሆናል። አዲስ ቀን ይቆረጥ፤ ካርዱ ላይም ይጻፍ።

ለታካሚዎችና ለቤተሰቦቻቸው የምንለው አንድ ነገር ነው። በሚቀጥለው ቀጠሯችሁ ሐኪሙ ባይጠይቃችሁ እናንተ ጠይቁት፦ «ሲጋራ ማቆም እፈልጋለሁ፤ እንዴት ታግዘኛለህ?» በሉት። ይህን ጥያቄ የሚሰማ ሐኪም ከላይ ከዘረዘርናቸው ቢያንስ አራቱን ያለ ምንም መድኃኒት ዛሬውኑ ማድረግ ይችላል። አላህ ያግራላችሁ።